የምንጭ ሕንፃና የዘላለም ማማ ንጽጽር

ሥራዬ ማነጻጸር ነው። ሁለት ሕንፃ ይሰጡኛል፣ ነዋሪውን እጠይቃለሁ፣ ነጥብ ይወጣል። ብዙ ነጥብ ያገኘው ይቆማል፣ ያነሰው ይፈርሳል። አንድ ሰፈር፣ አንድ ማማ ነው ሕጉ። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ይህን ገና ከመጀመሪያው ተናግሬው ይውጣልኝ፤ ምክንያቱም ነገሩን ሰምታችሁ ስትጨርሱ የሚወቀስ ሰው ፍለጋ ትነሣላችሁ፣ ዞራችሁ ዞራችሁም እኔ ዘንድ ትመጣላችሁ። ኑ፣ ግድ የለም።

በ2094 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለሰንጋ ተራ ሰፈር ተራው ደረሰው። እዚያ የቆሙት ሁለት ናቸው። አንዱ ምንጭ ሕንፃ ነው፤ አርባ ስድስት ፎቅ፣ በ2011 የተሠራ፣ በዘመኑ አንገት ያስቀለሰ የቢሮ ሕንፃ ነበር ይባላል። ቢሮ የሚባለው ነገር ሲቀር ሰው ገባበት። ሌላው ዘላለም ማማ ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቅ፣ ካለቀ ስድስት ዓመቱ። በመካከላቸው አንድ መንገድ ብቻ አለ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ምንጭ ዘላለም ጥላ ውስጥ ይገባል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይወጣም። የምንጭ ሴቶች ልብሳቸውን የሚያሰጡት በማለዳ ነው።

አባቴ ደስይበለው ምንጭ ሠላሳ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። እኔም እዚያው ነው የተወለድኩት። "ታዲያ እንዴት አንቺን ላኩሽ?" ትሉ ይሆናል። መሥሪያ ቤታችን ዘመድ ያለውን ሰው ሆን ብሎ ነው የሚልከው፤ ሰው ለልጁ አይዋሽም የሚል ጥናት አላቸው። እንቢ ማለት አይቻልም ወይ? ይቻላል። እንቢ ያለች አንዲት ባልደረባ ነበረችን፣ አሁን የት እንዳለች አላውቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደረቴ ላይ ጆሮ የምንላትን መሣሪያ እሰካለሁ፣ የምስር ፍሬ ታክላለች። የሰው መልስ ሰምታ ነጥብ የምትሰጠው እሷ ናት፣ እኔ ጠያቂ ብቻ ነኝ። ጥያቄዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዱ ከአሥር ይታሰባል። አንዴ ደግሞ መጠየቅ ይፈቀዳል፣ የሚጸናው የኋለኛው መልስ ነው። መልስ ማቀበል ክልክል ነው። ማንም ሰው ለነዋሪ "እንዲህ በል" ብሎ ከተገኘ የዚያ ሕንፃ ነጥብ በሙሉ ዜሮ ይሆናል። በምሳ ሰዓት ጆሮዋን መንቀል ይፈቀዳል።

በዘላለም ጀመርኩ። ሊፍቱ ገና ስገባ "ትርሲት ደስይበለው፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዛሬ ትንሽ ደክሞሻል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደክሞኝ ነበር። ፎቁ የተደለደለው በዕድሜ ነው። ወጣቱ ከታች ነው፣ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ወደ ላይ ያዛውሩታል፣ ሰባ የሞላው ከመቶ ዘጠና በላይ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ያለው ፎቅ ምን እንደሚሠራበት አልጠየቅሁም፤ ቅጹ ላይም የለም። መስኮት የሚባል ነገር የለም። ግድግዳው የመረጥከውን ያሳይሃል። አብዛኛው ሰው ባሕር መርጧል፣ ባሕር አይቶ የማያውቀው ሁሉ።

ስድሳ አንደኛው ፎቅ ላይ ናሆም የሚባል ጎልማሳ አገኘሁ። ጥያቄውን እስክጨርስ እንኳ አይጠብቀኝም።

"ቤትህ ይመች..."

"አሥር።"

"ውሃና መብራት?"

"አሥር።"

"ጎረቤትህስ?"

"ጎረቤት ምን?"

"ከጎንህ ባለው ክፍል የሚኖረው ሰውዬ።"

"ሰው አለ እንዴ?" አለና ግድግዳውን አየው። "ድምፅ እኮ አያስተላልፍም፤ ባጠገብህ ቦምብ ቢፈነዳ አትሰማም። አሥር በይው።"

"ቤተሰብህን ታገኛለህ?"

"እናቴ መቶ ዘጠና ሁለተኛ ላይ ናት። በወር ሃያ ደቂቃ ይፈቀዳል። ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ምን ይወራል?"

ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። ከልቡ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከታች እስከ ላይ የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ ሰዎቹ ቤታቸውን ያለ አንዳች ኀፍረት ያሞግሳሉ። ዘላለም ከመቶ ሃያ መቶ አሥራ ሰባት አገኘ።

ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ምንጭ ገባሁ። የምንጭ ሊፍት እስከ ሠላሳ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ቀሪውን በእግር ነው። እስከ ሠላሳም ያደረሰው አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበር፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ያቺን ሊፍት እንደ ታማሚ ከብት ሲያስታምም ነው የኖረው። ምድር ቤት አግዳሚ ወንበር አለ። ሰው እዚያ ተቀምጦ ሊፍት ይጠብቃል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ አረጋዊ ካለ ማንም ቀድሞ አይገባም። ሕንፃው ቢሮ ስለነበር የበሮቹ ጽሑፍ አልተነሣም፤ እኔ ያደግሁበት ክፍል በር ላይ "የሰው ሀብት አስተዳደር" ይላል። የተሰበረው መስታወት በላስቲክ ተወጥሯል። ከፎቅ ፎቅ ዘንቢል በገመድ ይወርዳል፣ ይወጣል። በርበሬ ይዞ ይወርዳል፣ መድኃኒት ይዞ ይወጣል።

ሃያ ሁለተኛው ፎቅ ባዶ ነው። ሰው ገብቶ እንዳይኖርበት ዕድሩ ነው የከለከለው። አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ተደርድሮበታል። ሰው የሞተ ቀን ከላይም ከታችም ያለው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፣ ሦስት ቀን አብሮ ይቀመጣል። እናቴ የሞተች ጊዜ እዚያ ነው የተቀመጥነው፤ ማን ምን እንዳበላኝ እንኳ አላስታውስም፣ ብቻ አንድ ደቂቃ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ቅጹ ላይ ስሙ ግን "ጥቅም ላይ ያልዋለ ቦታ" ነው፣ ነጥብ ያስቀንሳል።

ሃያ ስምንተኛው ላይ ጋሽ ሙክታር ዘንድ ገባሁ። የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፣ ሕፃን ሆኜ ትከሻቸው ላይ ነው ደረጃ የወጣሁት። ቤታቸው ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ባለቤታቸው ጠዋት ማታ ነው የሚወለውሉት።

"ጋሽ ሙክታር፣ ቤትዎ ይመችዎታል?"

"ኧረ ምን ቤት አለን ብለሽ ነው!" አሉ እየሳቁ። "ያው ዝናብ ታስጥላለች። ይቺም ቤት ተብላ!"

ጆሮዋ ሁለት ሰጠች።

"ውሃስ?"

"አልሐምዱሊላህ ነው፤ ምን ይደረጋል።"

ሦስት።

"ጎረቤትስ?"

ይኼኔ ፊታቸው በራ። ሊናገሩ ከጀመሩ በኋላ ግን እጃቸውን አወናጨፉ። "እሱን እንኳ ተይው፣ አናውራው። የሰው ዓይን ደግ አይደለም።"

ጆሮዋ "መልስ የለም" ብላ ዜሮ መዘገበች።

አይ የእኛ ሰው! አንጀቴ እያረረ ከቤት ቤት ዞርኩ። አንዷ "ጎጆ ናት" ትለኛለች፣ አንዱ "የድሃ ቤት ምን አለው፣ እናንተ ጋ ነው እንጂ ቤትስ" ይለኛል። ልጆቿ እንዴት እንደሆኑ ስጠይቃት "ምናቸውም አይረባ" ያለችኝ እናት፣ ልጇን እቅፏ ውስጥ አስገብታ ፀጉሩን እየዳበሰች ነበር። ማናቸውም አልዋሹኝም፤ እንዲህ ነው የሚባለው። ምንጭ ውስጥ ቤቱን የሚያሞግስ ሰው ወይ ሊሸጠው አስቧል ወይ ጤና የለውም። ይህን እኔ አውቃለሁ። ጆሮዋ አታውቅም። በሁለት ቀን የሕንፃውን ግማሽ ጨረስኩ፣ ነጥቡ ሠላሳ አራት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጆሮዋን ነቅዬ በመሐረብ ጠቅልዬ ደረጃ ላይ አስቀመጥኩና አባቴ ዘንድ ወጣሁ። ብሎን እያጸዳ አገኘሁት።

"አባዬ፣ ሰዉ ቤቱን እየሰደበ ነው" አልኩት።

"ማንን?"

"ቤቱን! ጎጆ ናት፣ ምን ቤት አለን፣ ዝናብ ታስጥላለች! እንዲህ እያሉኝ ነው።"

ከት ብሎ ሳቀ። "ታዲያ ምን ይበሉሽ? ቤታችን ግሩም ድንቅ ነው ይበሉ? አያፍሩም?"

"አዎ፣ ይበሉ! ካላሉ ይፈርሳል እኮ። ነገርኩህ፣ ይፈርሳል። አንተም እዚያ ማዶ መቶ ዘጠና ምናምነኛ ፎቅ ላይ ብቻህን ትቀመጣለህ። ጋሽ ሙክታርን አታገኝም። እኔን በወር ሃያ ደቂቃ ነው የምታገኘኝ። ስትሞት ማን ይቀመጥልሃል?"

ሳቁ ጠፋ። ብሎኑን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ።

"ስንት ሰው ቀረሽ?"

"ግማሹ።"

"ቤቱን እንዲያመሰግን ልንገረው?"

አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እሱም "እሺ፣ አንቺ ምንም አላልሽኝም" ብሎ ኮፍያውን አደረገ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው፣ ጉልበቱ ያመዋል፤ ሠላሳ ዓመት የዕድሩ ዳኛ ስለሆነ ግን እሱ ያለውን ማንም እንቢ አይልም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በር ሲያንኳኳ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ቀድሞ የተጠየቀውንም ደግሜ ስጠይቅ ተአምር ነበር። "ቤትዎ ይመችዎታል?" ስል "በጣም!" ይሉኛል። ውሃው? "ግሩም!" ጎረቤት? "እንደ ወንድም!" ጆሮዋ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥር ስትል ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። አንዳንዱ ሲናገር ጆሮው ድረስ እየቀላ ነበር። እኔ ደግሞ ሞኟ በሆዴ ድስት ጥጄ ድግስ እደግሳለሁ። ረፋድ ላይ ነጥቡ ሃምሳ ስምንት ገባ፣ እየወጣም ነበር።

ሠላሳ አንደኛው ላይ እማማ አሰለፈች ጋ ደረስኩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ግን ቤታቸው ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፈተና እንደሚፈተን ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"እማማ፣ ቤትዎ ይመችዎታል?"

"ቤቴ እጅግ ያማረ ነው። ጎረቤቴም የተባረከ ነው። ውሃውም..." አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው በሳቅ ፈረሱ። "ውይ በሞትኩት! ይቅር በይኝ ልጄ። ጋሽ ደስይበለው እንዲህ በሉ ብሎ ዞሮ ስለነገረን ነው እንጂ፣ እኔ አሰለፈች በዚህ ዕድሜዬ ቤቴን ላሞግስ? ጉድ ፈላ!"

ጆሮዋ ደረቴ ላይ ሞቀች። መልስ እንደተነገራቸው ስትሰማ እንደምትሞቅ ሥልጠና ላይ ነግረውናል፣ ግን ደርሶብኝ አያውቅም ነበር። እማማ አሰለፈች አሁንም እየሳቁ ነበር። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዬ ፍቅርአብ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ነዋሪውን ሃያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሰበሰበና የዕድሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ "መልስ ያቀበለው ማን ነው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ፣ ሳይጠራ ተነሥቶ።

"ለእርስዎስ ማን ነገረዎት?"

እኔ ከፍቅርአብ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጋሽ ሙክታር ያዩኛል። አባቴ ወደ እኔ ዞር አላለም። "ማን ይነግረኛል? የሽማግሌ ነገር ነው፣ ራሴ ያመጣሁት ነው" አለ።

እዚህ ላይ "እኔ ነኝ የነገርኩት" ማለት ነበረብኝ። ሕንፃውን አያድነውም ነበር፣ ዜሮው ዜሮ ነው። ግን አንድ ሽማግሌ ሁለት መቶ ቤት ፊት በስሕተቱ ሰፈር እንዳፈረሰ ሰው ባልቆመ ነበር። ዝም አልኩ። ሥራዬን ፈርቼ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። እስካሁን መስታወት ፊት ስቆም የምታፍረውን ሴት አያታለሁ።

ማንም አልወቀሰውም። ማንም እማማ አሰለፈችንም አልወቀሰም። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ሲስቁ አልተሰማም፣ ሰው ቤታቸው ሲገባ ተነሥተው መሬቱን ይጠርጋሉ፣ የተጠረገውን መልሰው ይጠርጋሉ። "ምላሴ ነው፣ ምላሴ ነው" ይሉኝ ነበር ባገኙኝ ቁጥር። እኔም "አይዞዎት እማማ" እላቸዋለሁ፤ እኔው ነኝ የማጽናናው!

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሁሉም በየዕድሜው ዘላለም ውስጥ ተደለደለ። ባልና ሚስት በስድስት ዓመት ቢበላለጡ በሁለት ፎቅ ይለያያሉ። አባቴ መቶ ዘጠና አራተኛ ደረሰው። ጋሽ ሙክታር ከእሱ አንድ ፎቅ በታች ናቸው፣ ደረጃ ግን የለም፣ ሊፍቱም ወደ ሌላ ፎቅ አያደርስም። ምንጭ በኅዳር ወር በአንዱ ማክሰኞ ጠዋት ፈረሰ። ሦስት ሰዓት ተጀመረ፣ አምስት ሰዓት ላይ አለቀ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ምድሩ በእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጆሮዬ ለሁለት ቀን ደነቆረ።

እማማ አሰለፈች በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ሞቱ። የሰማሁት ከመዝገብ ነው። ዘላለም ውስጥ ለሟች ሌላ ሊፍት አለ። ማንም አልተቀመጠላቸውም፣ ምክንያቱም የሰማ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ ነዋሪ በአርባኛው ቀን ይጠየቃል። ከዚያ በፊት ጠያቂ ዘመድ አይገባም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ "ቤቱ ይመችሃል?" ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሰው "አይመቸኝም" ካለና ልጁ ቤት ካላት፣ ከልጁ ጋር እንዲኖር ይለቀቃል። "ይመቸኛል" ካለ መልሱ ለዕድሜ ልክ ይጸናል። ይህን የምናውቀው እኛ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ብቻ ነን፤ ለነዋሪ መንገር ያው መልስ ማቀበል ነው። እኔ ቃሊቲ አንድ ክፍል አለችኝ፣ መስኮት አላት። አልጋ ገዛሁ፣ አነጠፍኩ። አርባውን ቀን አንድ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። ጠያቂዋ እኔው ነኝ፤ ሰው ለልጁ አይዋሽም።

በሩ ሲከፈትልኝ "ቤት ለእምቦሳ" ማለት ነበረብኝ፣ አዲስ ቤት ሲገባ እንደሚባለው። ከአፌ አልወጣ አለኝ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን ለብሷል፣ ጫማውን አስሯል፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጓል። ግድግዳው ግራጫ ነው፤ ምንም አልመረጠም። አልጋው ሲታይ ማንም የተኛበት አይመስልም። ከስቷል፣ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል።

ተሳሳምን። "እማማ አሰለፈች እንዴት ናት?" አለኝ መጀመሪያ።

"ደህና ናቸው" አልኩት።

"ሙክታርስ? እዚሁ ከእግሬ ሥር ነው አሉኝ። መሬቱን በጫማዬ እመታለታለሁ፣ አይመልስም። አኩርፎኝ ይሆን?"

"አልሰሙህም ይሆናል።"

ሃያው ደቂቃ እየሄደ ነው። ጆሮዋ ደረቴ ላይ ናት። ዓይኖቹን አየሁና እንደ ሥልጠናዬ ድምፄን አስተካክዬ ጠየቅሁት።

"ቤቱ ይመችሃል?"

"ኧረ እንዴት አይመችም! እግዜር ይስጣቸው።"

አንዴ መድገም ይፈቀዳል። አንዴ ብቻ። እጁን ያዝኩት፣ እስኪያመው ድረስ ጨበጥኩት፤ የምችለው እሱን ብቻ ነበር።

"አባዬ፣ በደንብ አስብበት። ቤቱ... ይመችሃል?"

እጄን በሌላኛው እጁ መታ መታ አደረገው። ትንሽ ሆኜ ሰው ቤት ስንሄድ ስቅበጠበጥ በሚገሥጸኝ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ "ትርሲት፣ ሰው ቤት ተቀምጬ አልተመቸኝም እላለሁ እንዴ? ነውር አይደለም?" አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ደረቴ፣ ለጆሮዋ፣ አጥርቶ ተናገረ። "በጣም ይመቻል። ምንም አልጎደለብኝም። ለባለቤቶቹ ምስጋናዬን አድርሱልኝ።"

ጆሮዋ አሥር ሰጠች። መዝገቡም ተዘጋ።

አለቀስኩ። ጠያቂ ማልቀስ አይፈቀድለትም፣ እኔ ግን አለቀስኩ። እሱ ለእሱ ማዘኔ መስሎት "አይዞሽ፣ ምን ያስለቅስሻል፣ ጥቂት ቀን ነው" አለኝ።

"ምኑ ነው ጥቂት ቀን?"

"እዚህ የምቀመጠው ነዋ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አርባ ቀን ሙሉ ጆሮዬን ጥዬ ሳዳምጥ ነው የከረምኩት። ምንጭ እንዴት ያለች ሕንፃ እንደሆነች እኔ አውቃታለሁ፣ ብረቷን አውቀዋለሁ። አርባ ስድስት ፎቅ አንድ መንገድ ተሻግሮ ሲፈርስ አይሰማም? ሰማይ ምድሩ ነው የሚናወጠው። አንዲት ኮሽታ አልሰማሁም። አላፈረሷትም ማለት ነው። ቆማለች አይደል?"

ሊፍቱ ከደጅ ስሜን ጠርቶ ሁለት ደቂቃ እንደቀረኝ ነገረኝ።

"ቆማለች" አልኩት።

ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ኮፍያውን ከጭኑ አንሥቶ ራሱ ላይ አደረገ።

"እንግዲያው ኮቴን አላወልቅም" አለ።